ዛንዚባር ለምትሄዱ፦ አስቀድማችሁ የባሕሩን ሰዓት እወቁ

ዛንዚባር በደረስኩ በማግስቱ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ በደሴቲቱ ምሥራቃዊ ዳርቻ በምትገኘው ፓጄ የክፍሌን በር ከፍቼ ስወጣ፣ ሌሊቱን ከአጥሩ ሥር ሲንሿሿ የሰማሁት ባሕር በቦታው አልነበረም። ፊት ለፊቴ ያለው እርጥብ ነጭ አሸዋ፣ እዚህም እዚያም በጎናቸው የተጋደሙ ጀልባዎችና በሩቁ ከኮራሉ ድንጋይ ጋር የሚላተመው ሞገድ ነጭ መስመር ብቻ ነበር። ሆቴል ስመርጥ የመዋኛ ገንዳውንና የአልጋውን ፎቶግራፍ አገላብጬ አይቻለሁ፤ ባሕሩ በስንት ሰዓት እንደሚሸሽ መጠየቅ ግን በሐሳቤም አልመጣም። ባሕር በሌለበት አገር ላደገ ሰው ባሕር ሁልጊዜ ባለበት የሚገኝ ነገር ይመስለዋል።

ውኃው በጨረቃና በፀሐይ ስበት ምክንያት በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ከሙላቱ እስከ ሽሽቱ ያለው ጊዜ ከስድስት ሰዓት ጥቂት ይበልጣል፤ በየቀኑም 50 ደቂቃ ያህል ስለሚዘገይ የትናንቱ ሰዓት ለዛሬ አያገለግልም። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት በዛንዚባር እስከ 4 ሜትር ሊደርስ ይችላል። በፓጄና በጃምቢያኒ የባሕሩ ወለል ዝርግ በመሆኑ ውኃው ሲሸሽ እጅግ ይርቃል፤ በሰሜን ጫፍ ባሉት በኑንግዊና በኬንድዋ ግን ዳርቻው ቶሎ ስለሚጠልቅ ቀኑን ሙሉ ለመዋኘት ይመቻል። ስለዚህ ፍላጎታችሁ ዋና ብቻ ከሆነ ያለማመንታት ወደ ሰሜን ሂዱ።

እኔ ግን የምሥራቁን እመርጣለሁ። ውኃው በሸሸበት ሰዓት የጃምቢያኒ ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ አሸዋው ላይ በተተከሉ አጫጭር እንጨቶች መካከል በተወጠረ ገመድ ላይ የባሕር አረም በትናንሽ ቋጠሮ ያስራሉ፣ የደረሰውንም ለቅመው በጆንያ ተሸክመው ይወጣሉ። አረሙ ደርቆ ወደ ውጭ አገር ይላካል። ለእንግዳው የመንሸራሸሪያ ሜዳ የሚመስለው ቦታ ለእነርሱ እርሻ ነውና ገመዱን አትርገጡ፣ ፎቶግራፍ ከማንሳታችሁም በፊት አስፈቅዱ። በባዶ እግር አትሂዱ፤ በድንጋዩ ጥግ የሚቀመጠው፣ ጃርት የሚመስለው ጥቁር እሾሃም የባሕር እንስሳ እሾሁ እግር ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። ከሁሉም በላይ ውኃው መመለስ ሲጀምር እናንተም ተመለሱ። የሚመጣው ከፊት ብቻ አይደለም፤ ከኋላችሁ ያሉትን ጎድጓዳ ቦታዎች ቀድሞ ይሞላል፤ ደረቅ የነበረው መንገድ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከወገብ በላይ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ የምነግራችሁ በእኔው ጅልነት የደረሰብኝን ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓትን እንደ እኛው ከፀሐይ መውጫ ጀምረው ይቆጥራሉ፤ “ሳአ ምቢሊ አሱቡሂ” ማለት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ማለት ነው። ይህን በማወቄ ኮርቼ ነበር። አንድ ጀልበኛ “ስምንት ሰዓት” ብሎ በእንግሊዝኛ ሲቀጥረኝ የእኛው ስምንት መስሎኝ ከምሳ በኋላ ተዝናንቼ ሄድኩ። ሰውየው ግን ለውጭ አገር እንግዳ ብሎ ሰዓቱን በፈረንጅ ቆጣጠር ተርጉሞልኝ ኖሯል፤ የቀጠረኝ ጠዋት፣ ውኃው ሞልቶ ሳለ ነበር። ጀልባው አሸዋ ላይ ተጋድሟል፣ እርሱም በጥላው ሥር ተኝቷል። “ባሕሩ ሄዷል” አለኝ፣ ያለ አንዳች ቁጣ። ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ ቁጥሩን ብቻ አትስሙ፤ ጠዋት ይሁን ከሰዓት በኋላ፣ ውኃው ሲሞላ ይሁን ሲሸሽ ጠይቁ።

ፀሐይን በተመለከተ ከደጋ የምንሄድ ሰዎች የምንሳሳተው ፀሐይ የለመድን ስለሚመስለን ነው። ደሴቲቱ ከምድር ወገብ በስተደቡብ 6 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ በቀትር ከአናት በላይ ትውላለች፤ አየሩ እርጥበት ስለሚበዛበት ደግሞ ላብ አይደርቅም፣ ሰውነትም እንደልቡ አይቀዘቅዝም። የፀሐይ መከላከያ ቅባት ጥቁር ቆዳ ላለውም ያስፈልጋል፤ ሲዋኙ ግን ስስ ሸሚዝ ለብሶ መግባት ከማንኛውም ቅባት ይሻላል፣ ጀርባን የሚያቃጥለው በአብዛኛው ፊትን ውኃ ውስጥ ደፍቶ ዓሣ ሲያዩ መዋል ነውና።

ወረቀቱን ባጭሩ ልጥቀስ። ከኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ መያዝ አለበት። ከጥቅምት 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ የውጭ አገር ጎብኚ በዛንዚባር ኢንሹራንስ ኮርፖሬሽን በኩል 44 የአሜሪካ ዶላር ከፍሎ የጉዞ ኢንሹራንስ እንዲገዛ ይጠየቃል፤ ሌላ ኢንሹራንስ መያዝ ይህን አያስቀርም። ሶኬቱ ባለ ሦስት ወፍራም እግር የእንግሊዝ ዓይነት ነውና አዳፕተር ያዙ። ፌስታል ክልክል ስለሆነ ጫማችሁን የጠቀለላችሁበትንም ቢሆን አውጥታችሁ እቤት ተዉት። የወባ ነገር ከሐኪም ጋር የሚመከርበት ነው፤ ሲመሽ ግን እጅጌና ሱሪ ማርዘም፣ አጎበሩንም ፍራሹ ሥር መሸጎጥ ሐኪም አያሻውም። የደሴቲቱ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ስለሆነ በዋና ልብስ ከባሕሩ ዳርቻ ወጥቶ በአሮጌው ከተማ በስቶን ታውን ጠባብ መንገዶች ወይም በመንደር ውስጥ መመላለስ ነውር ነው፤ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን አንድ ነጠላ ልብስ በቦርሳ መያዝ ይበቃል።

የጉዞውን ቀን ገና ካልቆረጣችሁ፣ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ያለውን፣ እነርሱ ማሲካ የሚሉትን ረጅሙን ዝናብ አስወግዱ፤ በዚያ ወቅት በራቸውን የሚዘጉ ሆቴሎችም አሉ። ከሰኔ እስከ መስከረም ደረቅና ነፋሻ ነው። ከዚያ በኋላ ጨረቃዋን ቁጠሩ፤ በግማሽ ጨረቃ ሰሞን ባሕሩ ከሙሉ ጨረቃው ይልቅ ያነሰ ይሸሻል። ለሁለተኛው ጉዞዬ ትኬት የገዛሁት በዚህ ቆጠራ ነበር፤ ክፍሉን ስይዝም ለሆቴሉ ከጻፍኩላቸው መልእክት የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ቁርስ አልነበረም።