ከጆንያው የጎደለው አመድ

በህንድ ጉጃራት ግዛት የምትገኘው ሱራት ሳሪና ሌሎች ሰው ሠራሽ ጨርቆች በብዛት የሚመረቱባት ከተማ ናት። ጨርቁን ለማቅለምና ለማተም እንፋሎት ያስፈልጋል፤ እንፋሎቱን የሚያመነጩት ቦይለሮች ደግሞ በአብዛኛው የድንጋይ ከሰልና ሊግናይት የሚባለውን ጥራቱ ዝቅ ያለ ከሰል ስለሚያነዱ፣ ፓንዴሳራን በመሳሰሉ የኢንዱስትሪ ቀጠናዎች ጭስ ማውጫዎቹ ከሠራተኛው መኖሪያ ብዙም ሳይርቁ ተደርድረው ይታያሉ። የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን እዚያው ግዛት በመካኒካል ምህንድስና ስከታተል ለተግባር ልምምድ የተመደብኩት በአንድ የማቅለሚያ ፋብሪካ ቦይለር ክፍል ነበር።

ሱራት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም የመጀመሪያው የተባለለት የብናኝ ልቀት ፈቃድ ገበያ የተጀመረባት ከተማ ናት። በጭስ ማውጫው ላይ የተተከለ መለኪያ የሚወጣውን ብናኝ ያለማቋረጥ እየመዘገበ ለግዛቱ የብክለት ቁጥጥር ቦርድ ይልካል፤ ከፈቃዱ በላይ የለቀቀ ፋብሪካ ከሌላው ይገዛል፣ የቆጠበው ይሸጣል። ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር ኦዲተሩን የሚቀጥረውም የሚከፍለውም ራሱ ፋብሪካው ስለነበር፣ ብዙዎቹ ኦዲተሮች ከተፈቀደው 150 ሚሊግራም በኪዩቢክ ሜትር ጥቂት ብቻ ዝቅ ያለ ቁጥር እየጻፉ ያስረክቡ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት አጋልጧል። ያለማቋረጥ የሚሠራው መለኪያ ትልቅ ተስፋ የተጣለበትም በዚህ ምክንያት ነው።

የዲዋሊ በዓል ተቃርቦ ትእዛዝ በበዛበት ሰሞን የእኛ ፋብሪካ መለኪያ ከወትሮው በጣም ዝቅ ያለ ቁጥር ማሳየት ጀመረ። ጭሱ ከመውጣቱ በፊት ብናኙን በሚያስቀረው የጨርቅ ማጣሪያ መግቢያና መውጫ መካከል ያለው የግፊት ልዩነትም ቀንሶ ነበር። የምርት ኃላፊው ይህን የማጣሪያው ጨርቆች ንጹሕ የመሆናቸው ምልክት አድርገው ወሰዱት፤ የሒሳብ ክፍሉም የሚሸጥ ትርፍ ፈቃድ ማስላት ጀመረ።

ጉዳዩን ያነሡት ከማጣሪያው ሥር አመድ እየዛቁ ጆንያ የሚሞሉ፣ ሁላችንም ማሲ እያልን የምንጠራቸው አንዲት እናት ናቸው። የቦይለሩን መሐንዲስ ጠርተው «የሚገባው ከሰል ያው ነው፤ እኔ የምሞላው ጆንያ ግን በግማሽ ቀንሷል። አመዱ የት ሄደ?» አሉት። መሐንዲሱ የከሰሉን መዝገብ አመጣ፤ አብረን ስናየው የነዳጁ መጠንም ሆነ ዓይነቱ አልተለወጠም። የህንድ ከሰል ከመቶ 30 እስከ 45 እጅ የሚደርስ አመድ ሊኖረው ስለሚችል የጎደለው ነገር ቀላል አልነበረም። ከዚህም በላይ ያሳሰበኝ የጎደለው አመድ ዓይነት ነው። ከባዱን ብናኝ ከፊት ያለው ሳይክሎን፣ ማለትም ጭሱን እያሽከረከረ ብናኝ የሚለየው ዕቃ፣ ያስቀረዋል፤ የጨርቅ ማጣሪያው የሚይዘው ደቃቁን፣ ከ2.5 ማይክሮን የሚያንሰውንና እስከ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ድረስ የሚዘልቀውን ጭምር ነው።

መሐንዲሱ ቦይለሩ ይቁም ሲል የምርት ኃላፊው አልተቀበሉትም፤ በማቅለሚያ ማሽኖቹ ውስጥ ያለው ጨርቅ እንፋሎት ከተቋረጠበት ይበላሻል የሚለው ሥጋታቸው እውነት ነበር። ክርክሩ ረጅምና የጋለ ሆነ። መሐንዲሱ የህንድ ሕግ ለደቃቅ ብናኝ ያስቀመጠው የዓመት አማካይ 40 ማይክሮግራም በኪዩቢክ ሜትር መሆኑን፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው መመሪያ ግን 5 ብቻ እንደሚል ጠቅሶ፣ የሠራተኞቻችን ልጆች ከግቢው አጥር ማዶ እንደሚያድሩ አስታወሳቸው። በመጨረሻ የተጀመረው ጨርቅ እንዳለቀ ቦይለሩ እንዲጠፋ ተስማሙ።

ሲከፈት ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነ። ቦይለር ሲቀጣጠል ጭሱ ገና እርጥብ ስለሆነ ጨርቆቹን እንዳይደፍናቸው በማለፊያ ቱቦ በኩል ይወጣል፤ ሙቀቱ ሲደርስ የቱቦው መዝጊያ ይዘጋል። የእኛው መዝጊያ ሰሌዳ በሙቀት ተጣሞ ክፍተት ትቶ ነበር። በመቆጣጠሪያ ክፍሉ «ተዘግቷል» የሚለው መብራት የሚበራው ግን የመዝጊያው ዘንግ ሲዞር ነው፤ ሰሌዳው ቦታውን መያዙን አያረጋግጥም። ከጭሱ ብዙው ማጣሪያውን ሳይነካ ስላለፈ የግፊቱ ልዩነት ወረደ። የጭስ ማውጫው መለኪያ ይህን ሊያሳብቅ ሲገባው፣ ጭሱ ውስጥ በሚገባው የራሱ ዘንግ ላይ እርጥብ አመድ ተጋግሮበት ምልክቱ ደክሞ ነበር። ሁለት የተለያዩ ብልሽቶች ተደጋግፈው ጥሩ ዜና መስለው ታዩን።

ሰሌዳው ተቀየረ፣ መለኪያው ከጭሱ በቀጥታ ከተወሰደ ናሙና ጋር ተነጻጽሮ ተስተካከለ፤ መሐንዲሱም ያለፉት ቀናት ቁጥሮች የማይታመኑ መሆናቸውን ለቦርዱ በጽሑፍ አሳወቀ። የሒሳብ ክፍሉ ሊሸጥ ያሰበው ፈቃድ ቀርቶ ፋብሪካው ተጨማሪ መግዛት ግድ ሆነበት። ከዚያ በኋላ በየፈረቃው የገባው ከሰልና የወጣው አመድ በአንድ ገጽ ጎን ለጎን እንዲመዘገብ ተወሰነ።

በቅጹ ላይ ፊርማ የሚያኖሩት ግን የፈረቃ ኃላፊው ብቻ ናቸው። የማሲ ስም እንዲገባ፣ አፋቸውን በነጠላ ጨርቅ ሸፍነው አመድ ከሚዝቁም ደቃቅ ብናኝ የሚከላከል ጭንብል እንዲሰጣቸው መሐንዲሱና እኔ በጽሑፍ ጠየቅን። ጭንብሉ መጣ፤ ስማቸው ግን ልምምዴን ጨርሼ እስክወጣ ድረስ በቅጹ ላይ አልሰፈረም።