ደሴ ላይ ቅሬ ሲጠራ

አክስቴ ያረፈችው መስከረም 19 ለአጥቢያ ነው። ስልኩ እንደተዘጋ ተነስቼ የደሴን አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ለቀብሩ እንደማልደርስ አውቄዋለሁ፤ ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቁልቁለትና ዳገቱ ደግሞ ብዙ ነው። ቢሆንም እቤት መቀመጥ አልቻልኩም።

አውቶቡሱ ነጭ በለበሱ ሰዎች ተሞልቷል። ለመስከረም 21 የግሸን ማርያም ንግሥ የሚሄዱ ናቸው። ጎኔ የተቀመጡት እናት ዓይኔን አይተው፣ «ማን ሞተብሽ ልጄ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ የጣርማበርን ዋሻ አልፈን ደብረ ሲና እስክንደርስ እጄን ይዘውኝ ነበር።

ወደ ግሸን ስለሄደች አንዲት ሴት ያወጉኝም እሳቸው ናቸው። ስለ አበበች ጎበና። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለመሳለም ወጥተው ወሎን ረሃብ ይዞት አገኙት፤ ለስንቅ የያዙትን ዳቦና ጸበል አደሉ፤ ሲመለሱ ወላጆቻቸው የሞቱባቸውን ሁለት ሕፃናት ይዘው ገቡ። በዓመቱ ልጆቹ 21 ሆኑ። ባላቸው «ወይ እኔን ወይ ልጆቹን» ሲሏቸው ልጆቹን መረጡ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ያሳደጓቸው ልጆች ብዙ ናቸው፤ የመሠረቱት ማኅበርም ስማቸውን ይዞ ቀርቷል። ታሪኩን ከዚያ በፊት ሰምቼው ነበር። ያ መንገድ ላይ፣ ከሌላ ተሳላሚ አፍ ስሰማው ግን ሌላ ሆነብኝ። ስንቅ ይዞ የሚሄድ ሰው ሁሉ እዚያች ምርጫ ላይ ሊደርስ እንደሚችል ታየኝ።

ኮምቦልቻን አልፈን ሐረጎን ስንወጣ ጀምበር ልትጠልቅ ነበር። ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር፣ ጭስና ጭጋግ ለብሳ ጠበቀችኝ።

ከአክስቴ ደጅ ድንኳኑ ተተክሏል። አግዳሚዎቹ ተደርድረዋል፣ ሰታቴው ተጥዷል፣ ንፍሮው በትሪ እየዞረ ነው። የቅሬው ዳኛ ሁላችንም «ሀጂ» እያልን የምንጠራቸው ሽማግሌ ናቸው። ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሱልኝ። «እንኳን ደረስሽ ልጄ። አፈር አልብሰናታል፤ ሐሳብ አይግባሽ» አሉኝ። ያን ጊዜ ነው ድምፅ አውጥቼ ያለቀስኩት።

ወሎ ውስጥ እድርን ቅሬ ይሉታል። ሥራው ያው ነው፤ ሞት ሲመጣ መድረስ። አክስቴ ክርስቲያን ነበረች፤ ጉድጓዱን ከቆፈሩት ጎረምሶች ግማሾቹ ሙስሊሞች መሆናቸውን የነገረችኝ ልጇ ናት፣ ያውም እንደ ተራ ነገር፣ ቡና እየቀዳች። ሀጂም ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ድረስ አስከሬኑን ሸኝተዋል። ጎረቤት ሙስሊም ሲሞት ደግሞ እሷና መሰሎቿ እንጨትና ውሃ ይዘው ይሄዳሉ። የሥጋ ድግስ ሲኖር ለየሃይማኖቱ ለብቻ ይታረዳል፣ ድስቱም ይለያል፤ ድንኳኑ ግን አንድ ነው።

በነጋታው ከሀጂ ጋር ተቀምጬ ብዙ ጠየቅኳቸው። ገንዘቡ ትንሽ ነው አሉኝ። ከገንዘቡ ይልቅ ጠንከር የሚሉት በመቅረት ነው። ቅሬ ተጠርቶ ያልመጣ ይቀጣል፤ ሀብታም ቢሆን፣ መዋጮውን በሙሉ ቢከፍል እንኳ። «ብር የላከ ሰው አስከሬን አይሸከምም» አሉ። እኔ አዲስ አበባ የእድሬን መዋጮ በስልክ ነው የምልከው፤ ሳልከፍል የቀረሁበት ወር የለም። ጉድጓዱን ማን እንደሚቆፍር ግን ጠይቄ አላውቅም። እዚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ይህ ከነከነኝ፤ አሁንም ይከነክነኛል።

ከዚያ ስለ ክፉው ዘመን ተጨዋወትን። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ሲጠጋ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ ደሴን ሞላት፤ ትምህርት ቤቶቹ መጠለያ ሆኑ። እርዳታ ተደራጅቶ እስኪመጣ ማን አበላ? ሀጂ ወደ ሰታቴው አመለከቱኝ። ሴቶቹ ለሐዘን የተገዛውን ድስት አውጥተው በተራ ቀቀሉ። አክስቴም ከእነሱ አንዷ ነበረች፤ ለእኔ በስልክ «ሥራ በዝቶብኛል» ብቻ ትለኝ ነበር። ጥቅምት 2014 ላይ ጦርነቱ ራሷን ደሴን አገኛት፤ መጋቢዎቹ እነሱም ተፈናቃይ ሆኑ። ሲመለሱ ከቅሬው ዕቃ ብዙው የለም። ከየቤቱ አንዱ ትሪ፣ አንዱ ጀበና፣ አንዱ ሁለት ስኒ እያመጣ እንደገና ተሞላ። ለዚህ ነው ስኒዎቹ አንዱ ካንዱ የማይመሳሰሉት። መጀመሪያ ገብቼ ሳያቸው ነገሩ አልገባኝም ነበር፤ አንዱ አበባ ያለው፣ አንዱ ወርቃማ ጠርዝ፣ አንዱ ደግሞ ምንም የሌለው።

በሦስተኛው ቀን ከሠልስቱ በኋላ ድንኳኑ ፈረሰ። ዕቃ ያዡ ልጅ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ እየጠራ ሴቶቹ ይቆጥራሉ። አንድ ስኒ ጎደለ። ጓዳ ገብቼ ስፈልግ ከአክስቴ አልጋ ራስጌ አገኘሁት፤ የመጨረሻውን ሌሊት አብራት ያደረችው ጎረቤት የጠጣችበት መሆን አለበት። አጥቤ ሰጠሁት፤ መዝገቡ ላይ ምልክት አደረገበት።

ልነሳ ባልኩበት ሌሊት የለፋፊው ድምፅ ከታችኛው ሰፈር ተሰማ። የሟች ቤት ሰው አርባው እስኪወጣ ከሥራ ነፃ ነው፤ ማንም አይጠይቀውም። የአክስቴ ልጅ ግን ጥቁር ነጠላዋን ደረበች፣ መብራት ሳታበራ ጓዳ ገብታ ስንዴና ባቄላ ሰፈረች። «ቅድም እነሱ ናቸው የሸፈኑኝ» አለችና በሩን ከፍታ ወጣች። እኔም ቦርሳዬን መሬት አስቀምጬ የእንጨቱን እስር አንስቼ ተከተልኳት።