የእህቴ ሰርግ ቪዲዮ ሳይቆራረጥ ዲቪዲ ላይ እስኪወጣ

እማዬ ቪዲዮ የምታየው በዴክ ነው። ስልክ ላይ ስታሳዩዋት ትንሽ ታይና አይኔን ደከመኝ ብላ ትመልሳለች፣ ደግሞ እሷ ሰርግ ብቻዋን አታይም፣ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ተጠርቶ ነው ሚታየው፣ ለዛ ሁሉ ሰው ስልክ ምን ያደርጋል። ፍላሽም ሞክረን ነበር ግን ደብረ ማርቆስ እኛ ቤት ፍላሽ አይበረክትም፣ አንዱ የአክስቴ ልጅ ዘፈን ልጫንበት ብሎ ይወስደውና ፎርማት ተደርጎ ይመለሳል። ዲስክ ሲሆን ግን ማንም አይነካውም፣ እንደ ፎቶ አልበም ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ የእህቴ ሰርግ ዲቪዲ ላይ መውጣት ነበረበት።

የተከፈለው ቪዲዮ ማን የሰራው ዲስክ አለን እኮ፣ አሪፍ ነው፣ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሙዚቃ ተጭኖበት የሰው ድምፅ የለበትም። እህቴ ከቤት ስትወጣ ጉልበት ስትስም አያቴ "ወልደሽ ሳሚ" እያለች የመረቀችው ምርቃት እዛ ላይ ምስሉ ብቻ ነው ያለው፣ ከላዩ ላይ ኦርጋን ይዘፈናል። ድምፁ ያለው ለሰርጉ ከቨርጂኒያ የመጣው አጎቴ በትንሿ ዲጂታል ካሜራው የቀረፀው ላይ ነው። እማዬ የምትፈልገው እሱን ነው፣ እኔም እሱን ነው።

መጀመሪያ ላፕቶፔ ላይ ስከፍተው በጣም ይቆራረጥ ነበር። ድምፁ ይሄዳል ምስሉ ይቆማል፣ ከዛ ምስሉ ዘሎ ድምፁን ይይዘዋል። እንደዚ ሲሆን ብዙ ሰው ፋይሉ ተበላሽቷል ብሎ ይደነግጣል፣ ግን መለየት ቀላል ነው፣ ደግማችሁ አጫውቱትና ሁሌ እዛው ቦታ ላይ ከቆመ ችግሩ ከፋይሉ ነው፣ ቦታው ከተቀያየረ ግን ኮምፒውተሩ ነው ያልቻለው። የኔ ቦታው ይቀያየር ነበር። ካሜራው ሚቀርፀው ሞሽን ጄፔግ በሚባለው ነው፣ ማለት እያንዳንዱ ፍሬም ለብቻው ሙሉ ፎቶ ነው፣ በሰከንድ 30 ፎቶ ማለት ነው፣ ስለዚህ ፋይሉ በጣም ትልቅ ይሆናል፣ በርካሽ ሚሞሪ ማንበቢያ ደግሞ ያ ሁሉ ዳታ በሰአቱ አይደርስም። ሁሉንም ወደ ሀርድ ዲስክ ገልብጬ ከዛ ስከፍተው ግማሹ ችግር ተቃለለ። ቪኤልሲ የሚባለው ቪዲዮ ማጫወቻ ላይ ደግሞ ሴቲንግ ገብቶ የፋይል ካሺንግ ሚለውን፣ ማለት ፋይሉን ምን ያህል ቀድሞ አንብቦ እንደሚይዝ፣ ከ300 ሚሊ ሰከንድ ከፍ ማድረግ ነው፣ እኔ 1500 አድርጌው ጥሩ ሄደልኝ። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ቢሆን ደግሞ የሀርድዌር ዲኮዲንግ ሚለውን፣ ማለት ቪዲዮ የመፍታቱን ስራ ለግራፊክስ ካርዱ የሚሰጠውን፣ ማብራት ወይ ማጥፋት ሊሆን ይችላል መፍትሄው፣ እንደ ማሽኑ ነው።

ዋናው ነገር የመጣው ግን ዲስኩ ላይ ነው። ሰፈር ያለ አንድ ቤት ሰጥቼ አሰራሁት፣ ሶስት ሰአት ሚሆነውን ነገር በሙሉ አንድ ዲስክ ላይ ጠቅጥቀው ሰጡኝ። ደብረ ማርቆስ ወስጄ ዴኩ ላይ ሲከፈት ሰው ቆሞ ሲያወራ ምንም አይልም፣ ጭፈራው ላይ ሲደርስ ግን የጎጃም እስክስታ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ያለውን ታውቁታላችሁ፣ እሱ ይንገጫገጭ ነበር፣ ትከሻው ከፍ ይልና መሀሉን ሳናየው ወርዶ እናገኘዋለን። ሰው ፈጠን ሲል ደግሞ ምስሉ ትንንሽ አራት ማእዘን እየሆነ ይበታተናል። እማዬ "ዴኩ አርጅቶ ነው" አለችኝ፣ እኔ ግን ሌላ ዲስክ ሳስገባ ጥርት ብሎ ይጫወታል፣ እና ዴኩ ጋ ምንም ችግር የለም። አዝኜ ነው የወጣሁት፣ እውነቴን ነው፣ አባቴ በህይወቴ ሲጨፍር ያየሁት የዛን ቀን ብቻ ነው እና ያቺ ነገር እንደዛ ሆና እንድትቀመጥ አልፈልግም።

ለምን መሰላችሁ የሚንገጫገጨው፣ ካሜራው የተገዛው አሜሪካ ነው፣ የአሜሪካው የቲቪ ስርአት ኤንቲኤስሲ ነው፣ በሰከንድ ወደ 30 ፍሬም ነው ሚሄደው። የኛ ሀገር ፓል ነው፣ በሰከንድ 25። ሰራተኞቹ ኢትዮጵያ ስለሆነ ብለው ዲስኩን በፓል አወጡት፣ ሶፍትዌሩ ደግሞ 30ውን 25 ለማድረግ በየሰከንዱ አምስት ፍሬም አውጥቶ ይጥላል፣ ማለት ከስድስቱ አንዱን። ሰው ቁጭ ብሎ ሲያወራ ያ የጎደለው አይታወቅም። እስክስታ ላይ ግን የጎደለችው ራሷ እንቅስቃሴዋ ነች።

እና መፍትሄው በጣም ቀላል ነው፣ ዲስኩን በኤንቲኤስሲ ማውጣት። ፓል ሀገር የሚሸጡ ዴኮች አብዛኞቹ ኤንቲኤስሲም ያነባሉ፣ ቲቪውም አዲስ ቢጤ ከሆነ ይቀበላል፣ የእማዬ ዴክ ጀርባው ላይ ሁለቱም ተፅፎበታል። እርግጥ የምስሉ መስመር ከ576 ወደ 480 ይወርዳል፣ ትንሽ ጥራት ትከፍላላችሁ፣ ግን እንቅስቃሴው ሙሉ ነው ሚሆነው፣ ለሰርግ እኔ ሁሌም እንቅስቃሴውን ነው ምመርጠው።

ዲቪዲ ስታይለር የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ፣ ገና አዲስ ፕሮጀክት ስትከፍቱ ፓል ነው ኤንቲኤስሲ ብሎ ይጠይቃል፣ እዛች ጋ ነው ሁሉ ነገር ሚወሰነው። ሌላው መጠኑ ነው፣ ባዶው ዲስክ 4.7 ጊጋ ይላል፣ ኮምፒውተሩ ግን 4.37 ነው ሚያሳየው፣ አትደንግጡ አቆጣጠሩ ነው ሚለየው። እዛ ላይ አንድ ሰአት ካስገባችሁ ለቪዲዮው በሰከንድ 8 ሜጋቢት ዳታ መስጠት ትችላላችሁ፣ ሁለት ሰአት ሲሆን ወደ 5 ይወርዳል፣ ሶስት ሰአት ሲሆን ከዛም ይወርድና ያ አራት ማእዘን ነገር ይመጣል። ባዶ ዲስክ ውድ አይደለም፣ ሶስት ዲስክ አድርጉት በቃ። ደግሞ ፋይሉን ዝም ብሎ ዲስክ ላይ መገልበጥ አይሰራም፣ ኮምፒውተር ላይ ይከፈታል የድሮ ዴክ ግን አያውቀውም፣ ዲቪዲ ቪዲዮ ሆኖ ዴክ ወደሚያነበው ኤምፔግ 2 ወደሚባለው የቪዲዮ አይነት ተቀይሮ መውጣት አለበት።

ድምፁ ላይ ትንሽ ለፋሁ። ሚሞሪው ፎርማት የተደረገው ፋት 32 በሚባለው ስለሆነ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ አያልፍም፣ ካሜራው እየቆረጠ ነው ያስቀመጠው፣ ቁርጥራጩን አንድ ላይ ቀጥዬ ስቀይረው ወደ መጨረሻ ድምፁ ቀደም ቀደም እያለ ሄደ፣ አያቴ ስትመርቅ የሰዉ አፍ ሳይከፈት አሜን ይሰማል። ያን ማየት ምንኛ ያስጠላል። እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው ቀይሬ፣ ድምፁንም ዲቪዲ ወደሚፈልገው 48 ኪሎኸርዝ አድርጌ፣ ከዛ በኋላ ምእራፍ ምእራፍ አድርጌ ሳስቀምጠው ተስተካከለ፣ አሜኑ ከአፍ ጋር ገጠመ።

ዲስኩ ላይ ስፅፍ፣ በርን ሳደርግ ማለት ነው፣ ቀስ ብዬ ነው ያደረኩት፣ በ16 ሳይሆን በ4 ፍጥነት፣ ምክንያቱም የቆዩ ዴኮች በጥድፊያ የተፃፈ ዲስክ ላይ ይቸገራሉ። ዲቪዲ አር የሚለውን ሰረዝ ያለበትን ነው የገዛሁት፣ የቆየ ዴክ ፕላስ ካለበት ይልቅ እሱን ይወዳል። ኢምግበርን የሚባለው ዲስክ መፃፊያ ሶፍትዌር ላይ ቬሪፋይ ሚለው ላይ ምልክት ካደረጋችሁ ፅፎ ሲጨርስ መልሶ አንብቦ ያረጋግጥላችኋል፣ ጊዜ ይወስዳል ግን ደብረ ማርቆስ ድረስ ወስዶ አልሰራም ከሚል ይሻላል። ላፕቶፑን ባትሪው ሙሉ ሆኖ ነው ያስጀመርኩት፣ መብራት መሀል ላይ ቢጠፋ ዲስኩ አለቀ፣ አይቀጥልም። ላዩ ላይ በእስክሪብቶ አትፃፉ፣ በማርከር ነው።

እማዬ ጋ ሄዶ ተከፍቷል፣ አባቴ ሙሉ ለሙሉ ይጨፍራል። አጎቴም ኮፒ ጠይቆኛል፣ ለሱማ ያው ኤንቲኤስሲ ስለሆነ እንዳለ ይሄድለታል። የቀረኝ መልሱ ነው፣ ማታ ድንኳን ውስጥ ስለተቀረፀ በጣም ጨልሟል፣ ብርሃኑን ስጨምረው ይቆሽሻል፣ እሱን ቅዳሜ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ፣ ዋናውን ፋይል ግን እንዳለ ሁለት ሀርድ ዲስክ ላይ አስቀምጬዋለሁ፣ ሚሞሪውንም አልነካሁትም።