«የሚርበው እንዴት አምላክ ይባላል?»

ጅዳ በቤት ሠራተኝነት ስኖር ዋናው ሥራዬ የአሠሪዬን አሮጊት እናት መጦር ነበር። ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ስለሌለ፣ ታኅሣሥ 29 የልደቱን ቅዳሴ ሌሊት ከስልኬ በጆሮ ማዳመጫ ሰምቼ ጠዋት ሥራዬን ቀጠልሁ። እኛ «ማማ ከቢራ» የምንላቸው አሮጊት ደስታዬን አይተው ምክንያቱን ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው።

አልተቆጡም። መርየምንና (ማርያምን) ልጇን ዒሳን (ኢየሱስን) እጅግ ያከብራሉ፤ ነገር ግን ሱረቱል ማኢዳ የተባለው የቁርኣን ምዕራፍ እናትና ልጅ ምግብ ይበሉ እንደ ነበር መናገሩን ጠቅሰው፣ «የሚርበው፣ የሚተኛ እንዴት አምላክ ይባላል?» አሉኝ።

እሳቸው ለመቃወም ያነሡት ነገር፣ እኛ ስለ ሥጋዌ፣ ማለትም አምላክ ሰው ስለ መሆኑ፣ የምናምነው ነው። ጌታ በገዳመ ቆሮንቶስ 40 ቀን ጾሞ ተርቧል፤ በታንኳ ተኝቷል፤ በመስቀል ላይ «ተጠማሁ» ብሏል። ቤተ ክርስቲያንም «ሥጋው ምትሐት (እውነት የሚመስል ግን ያልሆነ) ነው» የሚሉትን ያወገዘችው፣ ቃል ከእመቤታችን የነሣው ሥጋ የሚራብና የሚደክም እውነተኛ ሥጋ ስለ ሆነ ነው። ማማ ከቢራን በፕላስቲክ ወንበር አስቀምጬ ጀርባቸውን ሳጥብና በፎጣ ስጠቀልላቸው፣ ሉቃስ «በመጠቅለያም ጠቀለለችው» ያለው ትዝ ይለኝ ነበር፤ ሕፃን ሆኖ የመጣው ፈጣሪ በእናቱ እጅ መታጠብንና መጉረስን ፈቅዷልና።

አንድ ምሽት ለቡኹሩ (ለቤት ማጠኛው ዕጣን) ፍሕም በጉጠት ሳነሣ፣ በተሰባበረ ዓረብኛዬ መልስ ሞከርሁ፤ ከሰሉን በሥጋ፣ እሳቱን በመለኮት መሰልሁ። ከሰሉ እሳት ሲዋሐደው ከሰልነቱ አይጠፋም፤ እሳቱም እሳትነቱን አይተውም፤ የሚነካው ሁሉ ግን ይቃጠላል። የእሑዱ ውዳሴ ማርያም (የእመቤታችን የምስጋና ጸሎት) እመቤታችንን የእሳት ፍሕም የተሸከመች የወርቅ ማዕጠንት (ጽና) የሚላት ለዚህ ነው። ከሰሉ ኋላ አመድ ይሆናልና ምሳሌው በዚያ ላይ አይሠራም፤ ሊቃውንቱ «ምሳሌ ዘየሐጽጽ» (የሚጎድል ምሳሌ) የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። መለኮትና ትስብእት (አምላክነትና ሰውነት) ግን ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለወጥ ከተዋሐዱ በኋላ ለዓይን ጥቅሻ ያህል እንኳ አልተለያዩም።

ማማ ከቢራ ፍሕሙን አይተው «አላህ ያውቃል» አሉ፤ አላመኑበትም፤ እኔም ያምናሉ ብዬ አልጠበቅሁም። በማግሥቱ ቁርሳቸውን ሳጎርሳቸው ወደ ስቅለቱ ተሻገሩ፤ በዚያ ላይ ያደረግነው ክርክር ግን ከዚህ እጅግ የበረታ ነበርና ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።