ከሱቅ ሱቅ እየተባረርኩ የተመረቅኩበት ሴሚስተር

"ከገቢዎች ነህ?"

የመጨረሻ ሴሚስተሬን ሳስብ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ይሄ ጥያቄ ነው። ጋዋኑም ፎቶውም ከዚያ በኋላ ነው የሚመጡልኝ። ሚያዝያ 2015 ላይ፣ በአንዲት የክፍለ ሀገር ከተማ፣ ክላሰሬን በብብቴ ይዤ ከሱቅ ሱቅ ስዞር ባለሱቆቹ የተማከሩ ይመስል አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራቸው። አይደለሁም ስል ደግሞ ይብሳል። "ታዲያ ስለ ግብር ምን አስጠየቀህ?"

የተማርኩት አካውንቲንግ ነው። የመመረቂያ ጥናቴ ደግሞ በደረጃ "ሐ" ግብር ከፋዮች ላይ ነበር። ያኔ ደረጃ "ሐ" የሚባሉት ዓመታዊ ገቢያቸው 500 ሺህ ብር የማይሞላ ነጋዴዎች ነበሩ። የሂሳብ መዝገብ ያዙ አይባሉም ነበር። ግብራቸው በግምት ስለሚወሰን ሐምሌ በመጣ ቁጥር "በዛብን" የሚል ሮሮ አይጠፋም ነበር። ለምን አንዱ በጊዜ ይከፍላል፣ ሌላው ለምን ያመነታል? ይህን ነበር ላጠና ያሰብኩት። ርዕሱን ስመርጥ ቀላል መስሎኝ ነበር። ሱቅ እንደሆነ በየቦታው አለ፤ መጠይቅ አድላለሁ፣ እሰበስባለሁ፣ አለቀ። ገቢውን ለማያውቀው ወጣት በደስታ የሚናገር ነጋዴ ከየት እንደማመጣ ግን አላሰብኩበትም።

እኛ በ2012 የገባን ባች ነን። ገና ፍሬሽ ሳለን መጋቢት ላይ ኮቪድ መጣና ሻንጣችንን እንኳ በቅጡ ሳንሞላ ወደየቤታችን ተበተንን። ለ15 ቀን መስሎን ነበር። ከተመለስን በኋላ ትምህርቱ እየተጣደፈ፣ ሴሚስተር በሴሚስተር ላይ እየተደረበ ሄደና ሳናውቀው ጂሲ፣ ማለትም ተመራቂ ክፍል፣ ሆንን።

ጂሲ መሆን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ቲሸርት አለ፣ ከለር ዴይ አለ፣ የጂሲ ካፕ አለ፣ መጽሔት አለ። ከሁሉ የሚያስቀኝ ላስት ወርድ ነው። መጽሔቱ ላይ ከፎቶህ ሥር የምትጽፋት አንዲት መስመር ናት። እኔ ለዚያች መስመር ሁለት ሳምንት አባክኛለሁ። የጥናቴን ምዕራፍ ሁለት በሦስት ቀን ጽፌ ለላስት ወርድ ሁለት ሳምንት! በመጨረሻ የጻፍኩት እናቴን ማመስገን ነበር፤ ከክፍላችን ግማሹም እንደዚያው።

ለምርቃቱ ወጪ አንድ ነገር አደረግኩ፣ እሱ ጠቅሞኛል። የካቲት ላይ ለእናቴ ደወልኩና "እማዬ፣ ሱፍ እንዳትገዥ፣ የወንድሜን እለብሳለሁ" አልኳት። ትንሽ ተከፋች። ወንድሜ ከሷ የባሰ ተከፋ፤ ለሠርግ ያሰፋው ብቸኛ ሱፉ ነው። ግን ለሱፍ የታሰበው ብር ለፎቶ ኮፒ፣ ለጥረዛና ለትራንስፖርት ዋለ። መጋቢት ላይ ቲሸርቱንም ሱፉንም ሁሉንም ገዝቶ ግንቦት ላይ ጥናቱን የሚያስጠርዝበት ያጣ ልጅ አውቃለሁ።

ወደ ሱቆቹ ልመለስ። 120 መጠይቅ አባዝቼ በተንኩ። በሳምንቱ ልሰበስብ ብሄድ የተሞላው 23 ብቻ ነው። አንዱ ስኳር ጠቅልሎበታል፤ የራሴን ጥያቄ ቁጥር 9 ጥቅልሉ ላይ አነበብኩት። አንዱ ሲያየኝ በጓሮ በኩል ወጣ። ዲፓርትመንቱ የሰጠኝን የትብብር ደብዳቤ ማሳየት ስጀምር ደግሞ ነገሩ ጭራሽ ተበላሸ። ክብ ማህተም ያለበት ወረቀት ለነጋዴ ምን ማለት እንደሆነ አራት ዓመት አካውንቲንግ የተማርኩት እኔ ልገምት ይገባኝ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ትልቁን ስህተት የሠራሁት። ጥናቴን ከሚያማክረኝ መምህር፣ ከአድቫይዘሬ፣ ተደበቅኩ። የማሳየው ነገር ስለሌለኝ አፈርኩ። "ሰላሳ ሲሞላልኝ እሄዳለሁ" አልኩ፣ ከዚያ "ሃምሳ ሲሞላልኝ"። አምስት ሳምንት እንዲሁ አለፈ። በላውንጁ በኩል ሲመጣ ካየሁት በላይብረሪው ዞሬ እሄድ ነበር። ዶርም ውስጥ ከላዬ የሚተኛው ልጅ አንድ ማታ ከአልጋው አንገቱን ወደ ታች አስግጎ "ነጋዴው ካንተ ይደበቃል፣ አንተ ከመምህሩ ትደበቃለህ፣ ይሄ ጥናት እንዴት ነው የሚያልቀው?" አለኝ። ሳቅኩ። ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

መምህሬን ያገኘሁት እኔ ፈልጌው አይደለም፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋ ላይ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። ማምለጫ የለም።

"የት ጠፋህ?"

"መምህር፣ አልሞላ አለኝ።"

ሁሉንም ነገርኩት። የስኳሩን ስነግረው ሳቀ። ከዚያ መጠይቁን ተቀበለኝና እዚያው ቆሞ አነበበው። "ሁለተኛው ጥያቄ ምንድን ነው?" አለኝ። "ዓመታዊ ገቢ" አልኩ። "እኔ መንገድ ላይ አስቁሜህ ኪስህ ውስጥ ስንት ብር አለ ብልህ ትነግረኛለህ?" ወረፋው ሳይደርሰን ነገሩ ተስተካከለ። የገቢው ጥያቄ ወደ መጨረሻው ገጽ ሄደ፣ ቁርጥ ያለ ቁጥር መጠየቁም ቀርቶ "ከዚህ እስከዚህ" ሆነ። ደብዳቤው ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ፣ የተማሪ መታወቂያህን አንገትህ ላይ አንጠልጥል አለኝ። አምስት ሳምንት የሸሸሁት ሰው አሥር ደቂቃ ነው የፈጀበት።

ሌላውን ያስተካከሉልኝ በርበሬ የሚሸጡ እናት ናቸው። መጠይቁን መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ጽፌ ነው ወደ አማርኛ የመለስኩት። ዓይናቸው ደከም ስላለ አጠገባቸው በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። "በግብር ሥርዓቱ ፍትሐዊነት ላይ ያለዎት የግንዛቤ ደረጃ..." ብዬ ሳልጨርስ፣ እጃቸው ሚዛኑ ላይ እንዳለ ቀና ብለው አዩኝ።

"ልጄ፣ ይሄ አማርኛ ነው?"

"አማርኛ ነው እትዬ።"

"እስቲ እንደ ሰው አውራኝ።"

"የተጣለብዎት ግብር ከሥራዎ ጋር ይመጣጠናል ወይ ለማለት ነው።"

"እንዲያ አትልም!" አሉና ለአርባ ደቂቃ አወሩኝ። ገበያተኛ ሲመጣ ፌስታሉን አፉን ከፍቼ እይዝላቸዋለሁ፣ እሳቸው በርበሬውን ይገለብጣሉ፣ ከዚያ ወደ ወሬያችን እንመለሳለን። አስነጥሼ ልሞት ነበር። ስጨርስ ወደ ጎረቤት ሱቆች ጮክ ብለው "ተማሪ ነው፣ ልጄ ነው፣ ሙሉለት!" አሉ። የዚያን ቀን ከሰዓት ብቻ 14 መጠይቅ ተሞላ።

ማታውን መጠይቁን እንደ አዲስ ጻፍኩት፣ እሳቸው በሚገባቸው አማርኛ። ሰዓቴንም ቀየርኩ። ጠዋት ነጋዴ ጋ ሳይገዙ መሄድ ነውር ነው፤ ገና ገበያ ሳይፈታለት ወረቀት የሚያቀርብለትን ሰው አይወድም። ከ8 ሰዓት በኋላ ግን ገበያው ቀዝቀዝ ይላል፣ ወሬም ይፈለጋል። በመጨረሻ ከ120ው 91 ተመለሰልኝ።

በዚህ መሃል የመውጫ ፈተናው አለ። የሕግ ተማሪዎች ከዓመታት በፊት የጀመሩት ነው፤ ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የሆነው ግን በእኛ ባች ነው። ከመቶ 50 ያላመጣ ዲግሪ አያገኝም። ይቀራል፣ ይራዘማል እየተባለ ብዙዎቻችን እስከ ግንቦት አላመንንም። የተማርነውን የአራት ዓመት ኮርስ በሁለት ወር መከለስ ነበረብን።

አምስት ሆነን ማታ ማታ ባዶ የመማሪያ ክፍል ይዘን ቸከልን። የፈተናውን ብሉፕሪንት አትመን ግድግዳው ላይ ለጠፍን፤ ከየኮርሱ ምን እንደሚጠየቅ ስለሚናገር ከዚያ ውጭ ያለውን ለመተው ድፍረት ይሰጣል። ኮርስ ተከፋፈልን፣ እያንዳንዱ የደረሰውን ያስተምራል። እኔ ታክስ፣ ከላዬ የሚተኛው ልጅ ኮስት አካውንቲንግ። እሱ ከሁላችን በላይ ያስረዳ ነበር፤ ይሄን አስታውሱልኝ።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። በቴሌግራም የሚዞሩትን "ከነመልሱ" የሚሉ ፋይሎች አትመኑ። አንዱ ላይ ከአገልግሎት ክፍያ 2 በመቶ ተቀንሶ የሚያዘው ክፍያው ከ500 ብር ሲበልጥ ነው ይላል። የድሮው አዋጅ ነው ያ። ያኔ ይሠራበት በነበረው፣ በ2008 በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 መነሻው 3,000 ብር ነበር። ለአገልግሎት ማለቴ ነው፣ ለዕቃ 10,000 ብር ነበር። የታክስ ልጅ ስለሆንኩ ይሄን ያዝኩ፤ በሌሎቹ ኮርሶች ስንት ስህተት እንደዋጥኩ እግዜር ይወቀው።

ጥናቱ በሌላ በኩል እያለቀ ነበር። ምዕራፍ አራትን ጨርሼ ለማተም ፍላሼን ፎቶ ኮፒ ቤት ስሰካው ቫይረስ በላው፤ ፋይሉ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ቀረ። ሁለት ቀን ደግሜ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዷን ገጽ ለራሴ በቴሌግራም መላክ ጀመርኩ። ዲፌንሱ፣ ጥናቱን በፈታኞች ፊት ማቅረቡ፣ ከፈራሁት ይልቅ አጭር ነበር። ፈታኞቹ ምዕራፍ ሁለትን አልፈው በቀጥታ ያሉኝ "እነዚህን ሰዎች እንዴት አስሞላሃቸው?" ነው። ስለ በርበሬዋ እናት አወራሁ። ከአጠቃላይ ገለጻዬ የወደዱት እሳቸውን ይመስለኛል።

ፈተናውን ሐምሌ ላይ በኮምፒውተር ተፈተንን። ውጤት የወጣ ቀን ዶርም ውስጥ ስድስት ሰው በአንድ ስልክ ዙሪያ ተኮልኩሏል፤ ኔትወርኩ ይዞራል፣ ይዞራል። የእኔ 68። ቀጥሎ ከላዬ የሚተኛውን ልጅ ቁጥር አስገባን።

47።

ማንም ምንም አላለም። እሱ ስልኩን ተቀበለ፣ እንደገና አስገባ፣ ያው 47። ከዚያ አልጋው ላይ ወጣና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ብቻውን አልነበረም፤ በዚያ ዙር በሀገር ደረጃ ከተፈተነው ከ150 ሺህ በላይ ተማሪ ያለፈው ከመቶ 41 እንኳ አልሞላም። ግን ይሄ አባቱ ትኬት ቆርጦ ለሚጠብቅ ልጅ ምን ይጠቅመዋል? ማታ ላይ ወርዶ ወደ ውጭ ወጣ፣ ለአባቱ ደወለ። እንደ እኔ አምስት ሳምንት አልተደበቀም። በየካቲት 2016 ድጋሚ ተፈትኖ አልፏል። የምርቃቱ ቀን ግን የሁላችንንም ፎቶ ሲያነሳ የዋለው እሱ ነው። ከዚያ ቀን ፎቶ አንድም ላይ የለም።

ክሊራንስ፣ የግቢው ንብረት እጄ ላይ እንደሌለ የሚያሳየውን ወረቀት ማስፈረም፣ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ላይብረሪ፣ ካፌ፣ ዶርም። የዶርሙ ተቆጣጣሪ፣ ፕሮክተሩ፣ ፍራሽ ቆጠረ፣ ቁልፍ ተቀበለ፣ የተሰበረውን ወንበር ማን እንደሰበረው ጠየቀ፤ ስንገባም የተሰበረ ነበር። ወረፋ ከመያዝህ በፊት የወረቀቱን ሁለት ኮፒ አድርግ፤ እኔ አንዱ ጠፍቶብኝ ከላይብረሪ ጀምሬያለሁ። የወጪ መጋራቱንም ያኔ በደንብ አነበብኩት። ምግብና መኝታው ሙሉ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶው በተማሪው ስም ይያዛል። በየዓመቱ ስፈርም ድምሩን አንድ ቀን አይቼው አላውቅም ነበር። የአካውንቲንግ ተመራቂ ነኝ!

ቴምፖዬን፣ ጊዜያዊ ዲግሪዬን፣ ይዤ ከተማዋን ከመልቀቄ በፊት በርበሬዋ እናት ጋ ሄድኩ። የወንድሜን ሱፍ ለብሼ ስለነበር አላወቁኝም።

"ከገቢዎች ነህ?"

"እኔ ነኝ እትዬ፣ ተማሪው።"

"ውይ፣ ሰው ሆንክ! ታዲያ ግብሩ ቀነሰ?"

ጥናቱ ለመመረቂያ ብቻ እንደሆነ፣ ማንም እንደማይቀንሰው አስረዳሁ። ትንሽ አዘኑ መሰለኝ። "እንግዲህ ስትቀጠር ታስቀንሳለህ" አሉና አንድ ኪሎ በርበሬ በሁለት ፌስታል ደራርበው "ለእናትህ" ብለው ሰጡኝ። ገንዘብ አልቀበል አሉ። ሻንጣዬ ሞልቶ ስለነበር ፌስታሉን በሱፉ ጠቅልዬ ከላይ አስገባሁት።

ቤት ስደርስ ወንድሜ ከእኔ በፊት ሱፉን ነው የጠየቀው። አወጣሁለት። ዘርግቶ አየው፣ ትከሻውን አራገፈው፣ እጅጌውን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ሦስት ጊዜ አከታትሎ አስነጠሰ።