ወይራውን የበላች ፍየል ኃጢአቷ የማን ነው?

በጎጃም፣ ከመርዓዊ ከተማ ወጣ ባለች አንዲት አጥቢያ ሰንበት ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። የቤተ ክርስቲያንን ደን በከብት ማስበላት ኃጢአት መሆኑን ለማስተማር ስነሣ የመጀመሪያው ሙግት የመጣው ቅኔ ከተቀኙ አንድ አባት ነው። «ምድር በአዳም ምክንያት ተረግማለች፤ እሾህና አሜከላ ታበቅላለች ተብሏል። እግዚአብሔር የረገመውን አንተ በችግኝ ልትፈታው ነው?» አሉኝ። ጎጃም ውስጥ ሳይዘጋጅ ጉባኤ የሚገባ ሰው ዕጣው ይኸው ነው።

እኔም አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ መለስኳቸው። አዳም ገነትን እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት የታዘዘው በኦሪት ዘፍጥረት 2፥15፣ ገና ሳይበድል ነው። እርግማኑ ሥራውን አከበደው እንጂ ትእዛዙን አልሻረውም። የበደለው ሰው ሆኖ የተረገመችው ምድር መሆኗም የእኛ ኃጢአት በእኛ ላይ ብቻ እንደማይቀር ያሳያል። ይህን ተቀበሉኝ።

የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ በርተሎሜዎስ በ1997 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተፈጥሮን መበደል ኃጢአት ነው ማለታቸውን ሳነሣ ግን «እርሳቸው ኬልቄዶናዊ አይደሉምን?» ተባልኩ፤ ቤተ ክርስቲያናችን የማትቀበለውን የኬልቄዶን ጉባኤ የሚቀበሉ ናቸው ማለታቸው ነው! ከዚያ ወዲህ የምጠቅሰው ቅዳሴያችንን ነው፤ ስለ ዝናም፣ ስለ ወንዝ ውኃና ስለ ምድር ፍሬ የሚጸለየውን ሁሉም ያውቀዋል።

ሆኖም በጥቅስ የተረታ ሰው ከብቱን አያስርም። ስለዚህ ጉባኤውን ወደ ቅጽሩ ደን ይዤ ገባሁ። ጽዱና ወይራው ግርማ እንደተላበሰ ቆሟል፤ ከሥሩ ግን ተተኪ የለም። ጎንበስ ብለን ስንፈልግ አንድ የወይራ ችግኝ አገኘን፤ ጫፉ በጥርስ ተቀንጥሷል፣ ከጎኑ አቆጥቁጦ እርሱም ደግሞ ተበልቷል። አንዲት እናት «ይህቺ የእኔዋ ፍየል ሥራ ናት» ሲሉ ሁሉም ሳቀ። ወዲያው አንድ ልጅ «ፍየልማ ኃጢአት የለባትም፤ ታዲያ የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ከስብከቴ ሁሉ የሠራው ይህ ጥያቄ ነው።

ቀጥሎ የንስሐ አባቶችን አማከርኩ። ዘኬዎስ በሉቃስ ወንጌል የቀማውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሏልና፣ ለደኑም ካሳ ይገባዋል ተባባልን። ከብት ያስገባ ሰው ከስግደቱ በተጨማሪ ለቅጽሩ ካብ ድንጋይ እንዲያመጣ ቀኖና ይሰጠው ጀመር። የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ያጠኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በድንጋይ ማጠርን ሲያበረታቱ ቆይተዋል፤ ጥቅሙን ያየነው ሥራው ሲጀመር ነው። ድንጋዩ ከማሳ የሚለቀም ስለሆነ ማረሻ መስበሩ ይቀራል። ገበሬው ቀኖና ሳይኖርበትም ተሸክሞ መምጣት ጀመረ።

የተቸገርኩት በባሕር ዛፉ ነው። ሰበካ ጉባኤው ከሽያጩ ጣሪያ ያድሳል፣ ለካህናቱም ይከፍላል፤ ያን ገቢ በባዶ እጅ ተወው ማለት አይቻልም። አሁን የምሟገተው ከምንጩ በላይ ስላለው ረድፍ ብቻ ነው፦ እርሱ ተሸጦ ቦታው ለዋንዛ ይሰጥ፣ የቀረው ባለበት ይቆይ። ገንዘብ ያዡ ይህንንም ገና አልተስማሙበትም።