ጆይስቲኩ በግራ በኩል ይሁን

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

የዛሬውን ረፋድ አብራኝ ከምትኖረው ከወንድሜ ልጅ ጋር የቤታችንን ወለል በጠመኔ ስናሰምር አሳለፍነው። አንድ አነስተኛ ስኩተር፣ ማለትም መራመድ ለሚያቅተው ሰው የሚሠራ በባትሪ የሚሄድ ባለ መሪ ተሽከርካሪ፣ ርዝመቱ 120፣ ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር ነው ብለን በዚሁ ልክ የፍሪጅ ካርቶን ቆረጥን፤ ከዚያም እሷ እየገፋች፣ እኔ በክራንቼ ተደግፌ እየተመለከትኩ፣ ካርቶኑን ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ ኩሽና አንሸራሸርነው። ሳሎን ውስጥ እንደ ልቡ ሄደ። 95 ሳንቲ ሜትር በሆነው መተላለፊያ ላይ ግን ወደ መታጠቢያ ቤቱ ሊታጠፍ ሲል አፍንጫው ግድግዳው ላይ ተተከለ፤ ወደ ኋላ ብንመልሰው ጀርባው የኩሽናውን በር መታ። «አክስቴ፣ ጫፉን ትንሽ ብናጥፈውስ?» አለችኝ። እውነተኛው እንደማይታጠፍ ስነግራት ሁለታችንም ሳቅን፤ እኔ ግን የሳቅኩት ከልቤ አልነበረም፤ ስኩተሩን አጥብቄ ስፈልገው ነበርና።

በሦስት ዓመቴ ፖሊዮ ግራ እግሬን ሙሉ በሙሉ፣ ቀኙን በከፊል አዳክሞብኛል። ከዚያ ወዲህ ከአርባ ዓመት ለበለጠ ጊዜ የሄድኩት በክራንች ነው፤ ተምሬም፣ ሥራ ይዤም፣ እናቴንም ቀብሬ በክራንች ነው። ዐምና የቀኝ ትከሻዬ ሹራብ ማውለቅ እስኪያቅተኝ ድረስ ያመኝ ጀመር። የሰው ትከሻ ዕቃ ለማንሳት እንጂ የሰውነትን ክብደት ለመሸከም ያልተሠራ በመሆኑ፣ ይህን ሁሉ ዓመት የዳሌን ሥራ ሲሠራ የኖረ ትከሻ ጅማቱ መሳሳቱ የሚጠበቅ እንደሆነ ሐኪሙ በትዕግሥት አስረዳኝ። ክራንቹን ጣይው አላለኝም። ቤት ውስጥ ተጠቀሚበት፣ ረጅሙን መንገድ ግን ለጎማ ተዪው ነው ያለኝ።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ይህን እንደሰማች «ለገና ስመጣ ይዤልሽ እመጣለሁ፤ ባለ ሞተሩን ዊልቸር ነው ወይስ ስኩተሩን የምትፈልጊው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሳላስብ «ስኩተሩን፣ እትዬ» አልኳት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ለራሴ ለማመን ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ስኩተር መሪ አለው፣ የፊት መብራት አለው፣ የዕቃ ቅርጫት አለው፤ የተቀመጠበት ሰው ገበያ ደርሶ የሚመለስ እንጂ የታመመ አይመስልም። ዊልቸር ላይ ለተቀመጠ ሰው ግን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ሳይጠይቅ ሳንቲም እጁ ላይ የሚያኖሩለት አይጠፉም፤ በክራንች ቆሜም ደርሶብኛል። ስኩተሩን ስመርጥ ስለ ጎማና ስለ ባትሪ አንድም ነገር አላሰብኩም ነበር። ያሰብኩት ሰው ሲያየኝ ምን እንደሚመስለው ብቻ ነበር።

ሁለቱ መሣሪያዎች ከመነሻቸውም ለተለያየ ሰው የተሠሩ ናቸው። ካናዳዊው መሐንዲስ ጆርጅ ክላይን ባለ ሞተሩን ዊልቸር ያበጀው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት እጅና እግራቸው ሽባ ሆኖ ለተመለሱ ወታደሮች ስለነበር፣ ወንበሩ በትንሽ የእጅ እንቅስቃሴ እንዲነዳ ታስቦ የተሠራ ነው። ስኩተሩን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1968 በሚሺጋን አላን ቲም የተባለ ሰው መልቲፕል ስክለሮሲስ የተባለው የነርቭ በሽታ ለያዘው የቤተሰቡ አባል ሠራው፤ ጥቂት መራመድ ለሚችል፣ መንገዱ ግን ለሚያደክመው ሰው ማለት ነው። እኔ በሁለቱ መካከል ነኝ። እግሬ የስኩተሩ፣ ትከሻዬ የዊልቸሩ ነው።

ስኩተር የሚነዳው ሁለት እጅን ወደ ፊት ዘርግቶ መሪ በመያዝ ነው፤ በታጠፉ ቁጥር ሁለቱም ትከሻዎች ይሠራሉ፣ ወገብም ራሱን ችሎ ቀጥ ማለት አለበት። ይህን ያነበብኩ ዕለት ማታ ወንበር ላይ ተቀምጬ የመጥረጊያ እንጨት በሁለት እጄ ወደ ፊት ዘርግቼ ሰዓት ያዝኩ። አሥር ደቂቃ እቆያለሁ ብዬ ነበር፤ በስድስተኛው ደቂቃ ቀኝ ትከሻዬ እንጨቱን አስጣለኝ። የጎማው ቁጥርም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፤ ባለ ሦስት ጎማው በጠባብ ቦታ ይዞራል፣ ነገር ግን ወደ ጎን ባዘነበለ መንገድ ላይ ሲታጠፍ መገልበጥ ይቀናዋል፤ ባለ አራት ጎማው ይረጋጋል፣ ለመዞር ግን ሜዳ ይፈልጋል። ባጃጅ በፍጥነት ሲታጠፍ ያየ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም።

የቀረውን ያስተማረኝ ወረቀት አይደለም። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ጡረተኛ ጎረቤቴ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ የሚጠቀሙበትን ባለ ሞተር ዊልቸር «እኔ ሰሞኑን ከቤት አልወጣም፤ ሳትቀመጪበት እንዳትገዢ፣ ልጄ» ብለው ለአንድ ሳምንት አዋሱኝ። ስድስት ጎማ ያለው፣ የመካከሎቹ ሁለት ጎማዎች የሚነዱት ዓይነት ነው። ቤት ውስጥ ተአምር ሆነብኝ፤ ካርቶኑ በተተከለበት መተላለፊያ ላይ ባለበት ቦታ ዞረ። ከግቢያችን አስፋልት ድረስ በሚያስወጣው ኮብልስቶን ላይ ግን ትንንሾቹ የፊት ጎማዎች በድንጋዮቹ መካከል ባለው ክፍተት ሁሉ እየገቡ እግሬን እንደ ወንፊት አንቀጠቀጡት፤ መክደኛ የሌለው ቦይ ላይ ስደርስ ደግሞ የፊትና የኋላ ጎማዎች በሁለቱ ዳር ላይ ቆመው የሚነዱት የመካከል ጎማዎች አየር ላይ ተንጠለጠሉ፤ ሞተሩ ይሽከረከራል፣ እኔ ግን ንቅንቅ አልልም። የኋላ ጎማው የሚነዳውና ጎማውም ተለቅ ብሎ አየር የሚሞላው ዓይነት በቤት ውስጥ ሰፋ አድርጎ ይታጠፋል፤ ውጭ ላይ ግን እንዲህ ያለውን ቦታ ይሻገራል፣ ሲተነፍስም ማንኛውም ጎሚስታ ያየዋል።

በሦስተኛው ቀን ዳገቱ ላይ ትንፋሽ ልሰብስብ ብዬ ቆም ስል ሁለት ወጣቶች «እናታችን፣ እናግዝሽ» ብለው ከኋላ ይገፉኝ ጀመር። ወንበሩ አልንቀሳቀስ አላቸው። የእነዚህ ወንበሮች ፍሬን የሚሠራው ከመኪናው በተቃራኒ ነው፤ ወንበሩ የሚነዳበት አጭር የእጅ ዘንግ፣ ጆይስቲኩ፣ ሲለቀቅ ጎማው በራሱ ይቆለፋል፣ በእጅ ለመግፋት ከሞተሩ አጠገብ ያለችውን ማንሻ ማዞር ያስፈልጋል። አንደኛው ልጅ ይህን ሳያውቅ ጎንበስ ብሎ አያትና አዞራት። ወንበሩ ከነእኔ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤ ሁለቱም ተረባርበው ሦስት ሜትር ያህል ከወረድኩ በኋላ ያዙኝ። ልጆቹ ከእኔ የበለጠ ደነገጡ፤ እኔም ሳጽናናቸው ቆየሁ። ከዚያ ወዲህ የማንኛውንም ወንበር ሥዕል ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው ያቺ ማንሻ የት እንዳለች ነው። የኔው ሲመጣ «ዳገት ላይ አትንኩ» የሚል ጽሑፍ በትልቁ እለጥፍበታለሁ።

የጋሼ ወንበር ባትሪ ለብቻው ታሪክ አለው። ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ተቀጣጥለው 24 ቮልት ይሰጣሉ። የመጀመሪያዎቹ ሲደክሙ ልጃቸው ባትሪ ቤት ሄዶ የመኪና ባትሪ ተሸጠለት፤ ቮልቱ ያው ነው ተብሎ። በአራተኛው ወር ሞቱ። የመኪና ባትሪ የሚሠራው ሞተር ለማስነሳት ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ኃይል እንዲሰጥ ሲሆን፣ የዊልቸር ባትሪ ግን ለሰዓታት በዝግታ እየተሟጠጠ እንደገና መሞላት አለበት፤ ለአንዱ የተሠራው ሌላውን አይችልም። እንዲህ ያለው የእርሳስ ባትሪ ባዶውን ሲቆይ ይበላሻል፤ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። በዚህ የተነሳ ልቤ ወደ ሊቲየም ባትሪ አዘነበለ፤ ቀላል ነው፣ ዕድሜውም ይረዝማል።

ሊቲየም ሲባል ግን አውሮፕላን መጣ። ከወንበሩ ተነቅሎ የሚወጣ የሊቲየም ባትሪ በካቢን የሚፈቀደው እስከ 300 ዋት ሰዓት ነው፤ ወንበሩ ሁለት ባትሪ ካለው እያንዳንዳቸው ከ160 መብለጥ የለባቸውም፤ አየር መንገዱም አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ልኩ የወጣው ወንበሩን ራሱ ለሚጠቀም መንገደኛ ስለሆነ፣ እህቴ ለኔ ይዛ ስትመጣ ይፈቀድላት እንደሆነ አስቀድማ መጠየቅ አለባት። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ቮልቱን በአምፔር ሰዓት ማባዛት። 24 ቮልት በ12 አምፔር ሰዓት 288 ይሆናል፣ ከልኩ በታች ነው። በ15 ቢሆን 360፣ ከልኩ በላይ ነው። እህቴ በጣም የወደደችው ወንበር ባለ 20 አምፔር ሰዓት ነበር፤ «ሻጩ ችግር የለውም ብሎኛል» ስትለኝ፣ ሻጩ አብሯት እንደማይሳፈር አስታወስኳት። ቻርጀሩም ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል የሚል ጽሑፍ ከሌለው፣ ለአሜሪካ መብራት ብቻ የተሠራ ሊሆን ስለሚችል በእኛ 220 በመጀመሪያው ቀን ይቃጠላል። መንገዱን በአንድ ቻርጅ 20 ኪሎ ሜትር ይሄዳል የሚለውን ደግሞ እኔ በግማሽ ነው የማነበው፤ የተለካው በሜዳ ላይ ነው። ከቤቴ ገርጂ እስከ መሥሪያ ቤቴ ደርሶ መልስ 6 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ግማሹም ይበቃኛል።

ስለ መቀመጫው ብዙ አልተጨነቅኩም፤ ምክንያት አለኝ። ፖሊዮ እንቅስቃሴን እንጂ ስሜትን አይወስድም፤ መቀመጫዬ ሲቆረቁረኝ አውቃለሁ፣ እገላበጣለሁ። አከርካሪዋ የተጎዳ ጓደኛዬ ግን እንዲህ አይደለችም። ከሦስት ዓመት በፊት ለሌላ ሰው የተስማማውን ወንበር አይታ ያንኑ አስመጣች፤ ስፋቱ ለእሷ በጣም የሰፋ፣ ትራሱም ተራ ስፖንጅ ነበር። ወገቧ ወደ አንድ ጎን እያዘመመ ሳታውቀው በአንደኛው ዳሌዋ ላይ ቁስል ወጣባት፤ ለማዳን አምስት ወር በሆዷ ተኛች። ለእሷ ከሞተሩም ከባትሪውም በፊት ዋናው ነገር ትራሱ ነበር። ዊልቸርን እንደ ነጠላ ጫማ ቁጥሩን ጠይቆ የሚሸጥ ሰው ይህን አይነግርም፤ ለእሷም አልነገራትም።

እህቴ በቤት ለቤት እንክብካቤ ሥራዋ የምትረዳቸው አንዲት የሀገራችን እናት አሉ። እዚያ ሜዲኬር የሚባለው በዋናነት የአረጋውያን የሆነ የመንግሥት የጤና መድን የባለ ሞተር ዊልቸርን ዋና ወጪ ይሸፍናል፤ ሆኖም መጀመሪያ ሐኪም በአካል ማየት አለበት፣ በምርኩዝና በእጅ በሚገፋ ዊልቸር የማይቻል መሆኑ፣ ከዚያም ስኩተር የማይበቃ መሆኑ በቅደም ተከተል መረጋገጥ አለበት፣ መለኪያውም ሰውየው ቤቱ ውስጥ የሚያስፈልገው ነገር ነው። እኚህ እናት ቤታቸው ውስጥ በዎከር፣ በሁለት እጅ ተይዞ በሚሄዱበት የብረት ድጋፍ፣ መዘዋወር ስለሚችሉ ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ የጠየቁት አልተፈቀደላቸውም። «እዚህ ሀገር ሰው የሚታመመው ቤቱ ውስጥ ብቻ ነው እንዴ?» አሉ ብላ ነገረችኝ። እኔ እዚህ የሚከፍልልኝ የለም፤ ነገር ግን ከደጄ አልፌ የት እንደምሄድ ማንም አይጠይቀኝም። የትኛው እንደሚሻል ለመፍረድ አልቸኩልም።

ትልቁ ሙግት ከወንበሩ ጋር አልነበረም። የምኖረው ምድር ቤት ነው፤ ሰው ሁሉ «አንቺስ ዕድለኛ ነሽ» ይለኛል። ሆኖም መግቢያው ላይ ሁለት ደረጃ አለ፣ ቁመቱ በድምሩ 34 ሳንቲ ሜትር። የሕንፃው ኮሚቴ አንድ ሜትር ተኩል የሆነ የብረት መወጣጫ ሊያሠራልኝ ፈቃደኛ ነበር። እንደዚያ ቢሆን ቁልቁለቱ 13 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፤ የማያቸው ወንበሮች አብዛኞቹ የሚፈቅዱት ከ6 እስከ 10 ዲግሪ ነው። አንድ ሳንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ይፈልጋል የሚለውን የታወቀ ልክ ከተከተልን አራት ሜትር ያህል ያስፈልጋል። ሰብሳቢው ሜትሩን ይዘው መሬት ላይ ሲዘረጉት «ይሄማ የመኪና ማቆሚያውን ሊበላው ነው» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው፣ ይበላዋል። ከብዙ ክርክር በኋላ በግድግዳው ጥግ አስጠግተን እንዲሄድ ተስማማን፤ አንድ መኪና ብቻ ቦታ ያጣል፤ የማን መኪና እንደሆነ ግን ገና አልተወሰነም።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ለእህቴ የጻፍኩላት እንዲህ ነው። ዊልቸር ይሁን፤ የኋላ ጎማው የሚነዳው፣ አየር የሚሞላ ጎማ ያለው፤ ጠቅላላ ስፋቱ ከ62 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፣ የመታጠቢያ ቤቱ በር 68 ነውና እጄ የሚያልፍበት ይቅርልኝ። የመቀመጫው ስፋት 43፤ ዳሌዬ 41 ነው፣ ክረምት ላይ ጋቢ እደርባለሁ። የታክሲ ዕቃ መጫኛ ውስጥ እንዲገባ የሚታጠፍ ይሁን፤ ክብደቱም አንድ ሹፌር ብቻውን የሚያነሳው። ባትሪው 288 ዋት ሰዓት፣ ቻርጀሩ ሁለት። ደብዳቤውን ልልክ ስል የረሳሁት ነገር ትዝ አለኝ፤ ጆይስቲኩ አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ በኩል ነው የሚገጠመው፣ የኔ ደካማ ትከሻ ደግሞ ቀኙ ነው። «ጆይስቲኩ በግራ በኩል ይሁን፤ የሚቀየር መሆኑን ጠይቂልኝ» ብዬ ጨመርኩበት።

በግራ እጄ ከዚህ በፊት ማንኪያ እንኳ በወጉ አልያዝኩም። የጋሼን ወንበር ለመመለስ ሁለት ቀን ስለቀረኝ፣ የወንድሜ ልጅ የጆይስቲኩን ክንድ በጋሼ ፈቃድ ፈታ ወደ ግራ አዛወረችልኝ፤ ከእራት በኋላም ወለሉ ላይ ባሰመርነው የጠመኔ መስመር ላይ ስሄድና ስመለስ አመሸሁ። የኩሽናውን በር አራት ጊዜ ገጭቻለሁ። በያጁ ለመወጣጫው ልኬት ማክሰኞ ጠዋት ይመጣል።